ብድግ እንበል!

ወዳጄ፣ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ተቀመጡ። ቢሮ ደርሰው በሊፍት ወጡና ወንበርዎ ላይ ተቀመጡ። ስብሰባውም ምሳውም በመቀመጥ አለፈ። ማታ ደግሞ ሶፋው ይጠብቅዎታል። ታዲያ እግርዎ ዛሬ ምን ሠራ?

ጥያቄው የጤና ጥያቄ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ የብሪታኒያ ሐኪም በ1953 እ.ኤ.አ. የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን ጥናት አሳተሙ። ተቀምጠው የሚውሉት ሾፌሮች፣ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ትኬት ከሚቆርጡት ባልደረቦቻቸው ይበልጥ በልብ ሕመም ይጠቁ ነበር።

ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ከደም ስኳር እየሳበ ያቃጥላል፤ ቁጭ ስንል ሥራውን ያቀዘቅዛል። ቦርጭ፣ ደም ግፊት፣ ስኳርና የደም ቅባት ተጠራርተው የሚመጡትም እንዲህ ነው። ቦርጭ ሲወጣ «ተመችቶሃል!» መባባሉን እንተው። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100፣ ግፊት ደግሞ 130/85 ከደረሰ፣ ምንም ባያምዎትም ሐኪም ያማክሩ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!

ደስ የሚለው፣ መንገዱ ገና ክፍት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ተነሡ። በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ!

150 ደቂቃ ማለት በሥራ ቀናት 30፣ 30 ደቂቃ ነው። ቢሮዎ ሳይደርሱ ሁለት ፌርማታ ቀድመው «ወራጅ አለ!» ይበሉ። ሊፍቱን ለአቅመ ደካሞች ይተዉና በደረጃ ይውጡ። ስልክ ሲደወል ቆመው ያናግሩ። ለጎረቤት ክፍል ባልደረባዎ መልእክት ከመጻፍ ሄደው ያነጋግሩት።

ማኪያቶዎንም ይቁጠሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በቀን ሦስት ማኪያቶ በሦስት ሦስት ማንኪያ 36 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል ከ25 ግራም አይለፍ ይላል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። በምሳ ሰዓት ጎመኑንና ምስሩን ያብዙ፣ እንጀራውን ቀነስ ያድርጉ።

ብቻዎን አይጀምሩ። ብቻውን የጀመረ ሰው ዝናብ ሲመጣ ይቀራል፤ ቀጠሮ ያለው ግን ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። እንግዲያው ነገ ከምሳ በኋላ አንድ ባልደረባዎን «ና፣ ወክ እናድርግ» ይበሉት። ለእርስዎም ለእሱም ዕድሜ እየጨመሩ ነው።

መልካም የእግር መንገድ!