ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ የአሠራር ድርሰት (ለደረቀ ጠጉር የተልባ ውሃ)

ባለፈው ትምህርት አንድን ዕቃ በቃላት መግለጽን ተምራችኋል። የዛሬው ድርሰት ደግሞ ሥራን የሚያስተምር ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው እንደተነገረው ሊሠራ ተዘጋጅቶ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ጸሐፊው አንዲት «ሳይ» ወይም አንዲት «እስኪ» ያለ ቦታዋ ቢያስገባ የሚበላሸው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ አይሆንም፤ የአንባቢውም ጠጉር ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

ከራስ ቆዳ ውጭ ያለው የጠጉር ክፍል ሕይወት የለውም። ስለዚህ «ጠጉርን የሚመግብ ቅባት» የሚለው አነጋገር በገበያ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ቅባት ጠጉርን ይሸፍናል እንጂ አይመግብም። የራስ ቆዳ የራሱን ወዝ ያመነጫል። ወዙ በቀጥ ያለ ጠጉር ላይ ወደ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል፤ በተጠቀለለ ጠጉር ላይ ግን በየጥምዝምዙ እየዘገየ ጫፉ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። የተጠቀለለ ጠጉር ቶሎ የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ፣ በሳሙና አዘውትሮ መታጠብና የጋለ ብረት ድርቀቱን ያብሱታል።

ለዚህ ከሚረዱት ዕፅዋት መካከል ተልባ ርካሽ ነው፤ ከጓዳም አይጠፋም። አንድ ስኒ ያልተቆላና ያልተወቀጠ ተልባ ተለቅሞ በስምንት ስኒ ውሃ ይጣዳል። እንዳያርር እየተማሰለ፣ ፈሳሹ የእንቁላል ነጭ ክፍል እስኪመስል ድረስ በለዘብተኛ እሳት ይፈላል። ከዚያም ወርዶ፣ ሳይቀዘቅዝ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ይጠለላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ዝልግልጉ ስለሚወፍር ከፍሬው አልለይ ይላል። የተጠለለው ሲቀዘቅዝ፣ ጠጉሩ ታጥቦ ሳይደርቅ ይቀባል። በላዩም ጥቂት የሰሊጥ ወይም የጉሎ ዘይት በመዳፍ ታሽቶ ጫፍ ጫፉ ይዳበሳል። የተረፈው በማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ግን በማግሥቱ ይደፋ።

ተክል ሁሉ የዋህ አይደለም። የጉሎ ፍሬ ራይሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለበት፤ በአግባቡ በተጣራው ዘይት ውስጥ ግን መርዙ አይገኝም፣ ከአተላው ጋር ይቀራል። ስለዚህ የተጣራ ዘይት ይገዛል እንጂ ፍሬው በቤት አይወቀጥም። እሬትም የሚጠቅመው መካከሉ ላይ ያለው ብርሃን የሚያስተላልፍ ሥጋው ነው። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ብጫ ፈሳሽ፣ ያ እናቶች ጡት ለማስጣል የሚጠቀሙበት መራራ፣ ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል አስቀድሞ ተንጠፍጥፎ ይታጠባል። እንዶድ ደግሞ ለልብስ እንጂ ለደረቀ ጠጉር አይሆንም፤ ያለውንም ወዝ ጠርጎ ይወስዳል፣ ዓይንንም ያቃጥላል። ኃይሉን ለማወቅ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 የቢልሃርዝያ አስተላላፊ የሆነውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን ማግኘታቸውን ማስታወስ ይበቃል።

ማብራሪያ

«ጠጉሩ ታጥቦ ሳይደርቅ ይቀባል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። «ታጥቦ» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ብቻውን ሐሳብ አይቋጭም፣ «ይቀባል» የሚለውን ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል የገባው «ሳይደርቅ» ጊዜውን ይወስናል። አሁን «ጠጉሩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይቀባል» ብትሉ በሰዋስው በኩል አንድም እንከን አይገኝበትም። ሥራው ግን ከንቱ ይሆናል። ዘይት ውሃ የለውም፤ ጠጉሩ የያዘውን ውሃ ቶሎ እንዳይተን ያዘገያል እንጂ ያልነበረውን አይጨምርም። በደረቀ ጠጉር ላይ ቢቀባ ጠጉሩ ያብለጨልጫል፤ ድርቀቱ ግን አይለቀውም። እኔም በማስተምርበት ዘመን ለእንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ሙሉ ማርክ ሰጥቼ አውቃለሁ፤ ቋንቋውን እንጂ ሥራውን አላረምሁም ነበር።

«እስኪመስል ድረስ» በሚለው ፈንታ «ዐሥር ደቂቃ» ብሎ መጻፍ ይቀል ነበር። ነገር ግን የከሰልና የኤሌክትሪክ ምድጃ እሳት እኩል አይደለም። ውሃም ቢሆን በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ገደማ ይፈላል። ምልክቱን የነገራችሁት አንባቢ ምጽዋም ይሁን ደብረ ብርሃን አይሳሳትም።

መልመጃ

በምንባቡ ውስጥ ያሉትን ቦዝ አንቀጾች አውጥታችሁ እያንዳንዱ የትኛውን ማሰሪያ አንቀጽ እንደሚጠብቅ አመልክቱ። የተልባውን አሠራር ለአክስታችሁ በአንቱታ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ («ተልባውን ይልቀሙና ይጣዱት» እያላችሁ)። በመጨረሻም በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ጠጉር ሲቀባ ተመልክታችሁ፣ የሚሠራውን ሰው «ይህን ከዚያ ያስቀደሙት ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና የተነገራችሁን ምክንያት ጨምራችሁ የአንድ ገጽ ድርሰት አዘጋጁ። ምክንያቱ ያላሳመናችሁ እንደሆነ ያላሳመናችሁ ለምን እንደሆነ ጻፉ።