የተሰወረን ዕቃ በስሙ ስለ መፈለግ

አንድ ነገር ፈልገን ባጣነው ጊዜ «የለም» ለማለት እንቸኩላለን። ይሁን እንጂ አለመገኘትና አለመኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ልዩነቱን ልናሳይ ያሰብነው ጂኦካሺንግ ከተባለው የፍለጋ ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ የሚፈለገው ዕቃ በእርግጥ በመሬት ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከፈላጊው የሚሰወረው ግን በስሙ ምክንያት ነው።

የጨዋታው አጀማመር

ጂፒኤስ ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ሰው ያለበትን ሥፍራ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያሠራው ለጦር ሠራዊቱ ሲሆን፥ ለሕዝብ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለ ነበር እስከ 100 ሜትር ያህል ይሳሳት ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000) ይህ ማዛባት ቀረ፤ ስሕተቱም ወደ 20 ሜትርና ከዚያም በታች ወረደ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ አሜሪካዊ በኦሬጎን ግዛት፥ ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ባልዲ ደብቆ የሥፍራውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በኢንተርኔት ገለጸ። በባልዲው ውስጥ የመመዝገቢያ ደብተርና ልዩ ልዩ ዕቃ ነበረ፤ ያገኘው ሰው አንዱን ወስዶ ሌላ እንዲተካና በደብተሩ ላይ እንዲጽፍ ነው።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ጄረሚ አይሪሽ የጨዋታውን መዝገብ በኢንተርኔት ሲከፍት በዓለም የታወቁት ጂኦካሾች 75 ብቻ ነበሩ። የ75 ዕቃዎችን ስም በጥቂት ደቂቃ አንብቦ መጨረስ ይቻላል። ዛሬ ግን ቁጥራቸው ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ ፈላጊው አንድ ቃል ይጽፍና፥ ያ ቃል በስማቸው ውስጥ የሚገኝባቸውን ብቻ እንዲያወጣለት መዝገቡን ይጠይቃል። ይህም ቃል ቁልፍ ቃል ይባላል።

ቁልፍ ቃል የሚያየውና የማያየው

በመዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ ጂኦካሽ ስም፥ መለያ ቁጥር፥ ዓይነት፥ መጠን፥ ሥፍራ፥ መግለጫ፥ እንዲሁም ከ1 እስከ 5 የሚደርስ የአስቸጋሪነት ደረጃ አለው። በስም ስንፈልግ ግን መዝገቡ የሚመለከተው ስሙን ብቻ ነው። ስሙንም ያወጣው ዕቃውን የደበቀው ሰው እንደ ወደደ ነው። እንግዲህ ቁልፍ ቃል ስንጽፍ «በዚያ ቦታ ምን አለ?» ብለን የጠየቅን ይመስለናል፤ በእርግጥ የጠየቅነው ግን «የደበቀው ሰው ምን ብሎ ጠራው?» ብለን ነው።

ለዚህ ከእንግሊዝ አገር ሦስት ምሳሌ እንውሰድ። «ቸርች ማይክሮ» የሚባሉት ጂኦካሾች በአብያተ ክርስቲያናት አጠገብ የተደበቁ ናቸው፤ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ተጀምረው ከ10,000 በላይ ደርሰዋል። «ቸርች» ማለት ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ቃሉን የጻፈ ሁሉ ያገኛቸዋል። «ሳይድትራክድ» የተባሉት ደግሞ በባቡር ጣቢያዎች አጠገብ የተደበቁ ናቸው፤ የቃሉ መነሻ ከዋናው ሐዲድ ወደ ጎን መውጣት ነው። የባቡር ጣቢያ ፈልጎ «ስቴሽን» የሚል ቃል የጻፈ ሰው ብዙዎቹ ያመልጡታል። ሦስተኛው «ኤ ፋይን ፔር»፥ ማለት «ያማረ ጥንድ» ነው። ጥንድ የተባሉት ጎን ለጎን የሚታዩት ቀዩ የስልክ ቤትና ቀዩ የፖስታ ሣጥን ናቸው፤ ነገር ግን በስሙ ውስጥ ስልክም ፖስታም የለም።

ተቃራኒው ችግር ከሚገባው በላይ ማግኘት ነው። በእንግሊዝኛ «ባንክ» የገንዘብ ቤትም፥ የወንዝ ዳርቻም ነው። «ዋተርሉ» ብሎ የ1815ቱን (እ.ኤ.አ.) የጦር ሜዳ በቤልጅግ የሚፈልግ ሰው የለንደኑ ባቡር ጣቢያና የካናዳው ከተማ አብረው ይመጡበታል።

የቋንቋና የፊደል ነገር

«ቸርች» ብሎ የጻፈ ሰው ጀርመኖች «ኪርኸ»፥ ፈረንሳዮች «ኤግሊዝ» ብለው የሰየሙትን አያገኝም። ስለ አገራችን የሚፈልግም ከዚህ አያመልጥም፤ አክሱምን በላቲን ፊደል አንዱ በኤክስ፥ ሌላው በኬና በኤስ ይጽፈዋልና።

በገዛ ፊደላችን ስንጽፍም ችግሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በጸ ወይም በፀ፥ በሀ ወይም በሐ ወይም በኀ ብንጽፈው 6 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። ለጆሯችን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ፊደሎቹን አንድ አድርጎ እንዲቆጥር ላልታዘዘ ኮምፒዩተር ግን 6 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንደኛው ብቻ የፈለገ ሰው አምስቱን ሳያይ «ጨረስሁ» ይላል።

ከዚህ የሚወጣው ዘዴ

አንደኛ፤ በረጅም ሐረግ ከመጀመር ይልቅ በአንድ ቃል መጀመር ይሻላል። ውጤቱ ከበዛ በሥፍራ፥ በዓይነት ወይም በመጠን ማጥበብ ይቻላል።

ሁለተኛ፤ ከመፈለግ በፊት ለአንዱ ነገር ያሉትን ስሞች ሁሉ፥ የሌላውን ቋንቋና የሌላውን አጻጻፍ ጨምሮ፥ በወረቀት መዘርዘር ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ ስሙን ትቶ በሥፍራ ብቻ መፈለግና በአካባቢው የወጡትን ማንበብ ነው። ከባቡር ጣቢያ አጠገብ ያሉትን በዚህ መንገድ ያየ ሰው «ሳይድትራክድ» የሚለውን ቃል ከዚያው ይማራል፤ በተማረውም ቃል እንደ ገና ይፈልጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ዘዴ ነው ብለን እናምናለን።

አራተኛ፤ መለያ ቁጥሩን መያዝ ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በካንሳስ ግዛት የተደበቀው «ሚንጎ» የተባለው ጂኦካሽ መለያው ጂሲ30 ነው። ስም ሊደገም ይችላል፤ መለያ ግን አይደገምም።

ለእኛ ለተማሪዎች ምን ይጠቅመናል?

ጂኦካሽ ያጣ ሰው የሚቀርበት ጨዋታ ነው። የእኛ ፍለጋ ግን በቤተ መጻሕፍት ነው፤ በእርሱም ላይ የምናቆመው ምርምር አለ። አንድ ተማሪ ሁለት ቃል በካታሎጉ ሞክሮ ምንም ሲያጣ «በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ ቀደም የተጻፈ የለም» ብሎ በመግቢያው ሊጽፍ ይችላል። ይህ ከሆነ ከእርሱ በፊት የደከሙትን ሰዎች ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰረዘው ማለት ነው። ናዝሬት አዳማ፥ ደብረ ዘይትም ቢሾፍቱ በሚባሉበት አገር፥ በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው በሌላው ስም የተጻፈውን እንዴት ያገኛል?

ስለዚህ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ባገኘን ጊዜ ወደ መደርደሪያው ሄደን ጎረቤቶቹን እንመልከት፤ ደራሲዎቹ በምን ቃል እንደ ጻፉ አይተን በዚያ ቃል እንደ ገና እንፈልግ። ከዚያ በኋላም ካጣን «የለም» ብለን አንጻፍ፤ «በእነዚህና በእነዚህ ቃላት፥ በዚህና በዚያ መዝገብ ፈልገን አላገኘንም» ብለን እንጻፍ። እንዲህ ከተጻፈ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ እኛ ያልሞከርነውን ቃል ያውቃል፤ ፍለጋውንም ከዚያ ይጀምራል።