የስደት ጥናት በኮሚክ ሲቀርብ

ጥያቄ፦ የስደት ጥናትን በኮሚክ ማቅረብ ቁም ነገሩን ማራከስ አይሆንም?

መልስ፦ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ፖዚቲቭኔጋቲቭስ የተባለው ድርጅት ከስደተኞች የተሰበሰበን ቃል ወደ ኮሚክ ሥዕል ይለውጣል፤ ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገውን ስደት ጭምር ባጠናው ሚዴቅ ፕሮጀክትም ተሳትፏል። ሥዕል ፎቶግራፍ የማይችለውን ይችላል፤ መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው መልኩ ተለውጦ፣ ማንነቱ ሳይጋለጥ ታሪኩን ይናገራል። ካሜራ የማይገባበት የደላላ ማጎሪያም በሥዕል ይታያል። «ሠዓሊው ከራሱ ይጨምርበታል» የሚለው ስጋት እውነትነት አለው (ሪፖርት ጸሐፊውስ ከረጅም ቃለ መጠይቅ ሦስት መስመር ሲመርጥ ምን እያደረገ ነው?)። መፍትሔው ረቂቁን ለባለታሪኩ መልሶ ማሳየትና ማረም ነው። ይበልጥ የሚከብደው «አንድ ሰው ሺዎችን አይወክልም» የሚለው ተቃውሞ ነው፤ በዚህ ምክንያት ኮሚኩ ከጥናቱ ጎን እንጂ በጥናቱ ፈንታ መታተም የለበትም።