«ወገቤን ያመመኝ ፍራሹ ይሆን?» ስለ ስፕሪንግ ፍራሽ ማወቅ ያለብን

የዛሬው ርዕሳችን በየቤታችን ያለ፣ ግን ብዙም የማናወራበት ነገር ነው፤ ፍራሽ። በተለይ ስፕሪንግ ፍራሽ ወይም ባለ ሞላ ፍራሽ የምንለው።

እዚህ ደብረ ማርቆስ ወገቡን አሞት ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ምርመራው ሲያልቅ ከሚጠይቀኝ ጥያቄዎች አንዱ «ዶክተር፣ ፍራሽ ልቀይር እንዴ?» የሚል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሳይጠይቅ ወስኖ ይመጣል፤ «ወገብ የሚያመው ጠንካራ ነገር ላይ ይተኛ» ስለተባለ ፍራሹን ትቶ ጣውላ ወይም ሲሚንቶ ላይ መተኛት ጀምሯል። ሌላው ተበድሮ ውድ ፍራሽ ገዝቷል፤ ህመሙ ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እንይ፦ ስፕሪንግ ፍራሽ ለማን ይሆናል? ለማን አይሆንም? ጥፋቱ የፍራሽ ያልሆነ የጀርባ ህመምስ እንዴት ይታወቃል? የመጨረሻዋን ክፍል ሳታነቡ እንዳትወጡ፤ ዋናዋ እሷ ናት።

1. ውስጡ ምን አለ?

የተለመደው ስፕሪንግ ፍራሽ ውስጡ ወገባቸው ቀጠን ያለ፣ ከላይና ከታች ሰፋ ያሉ የብረት ሞላዎች ናቸው። ሞላዎቹ እርስ በርስ በቀጭን ሽቦ ተያይዘዋል። ከላይና ከታች ስስ ስፖንጅ ይነጠፍና በጨርቅ ይለበጣል። በቃ ይኸው ነው።

መያያዛቸው ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ ክብደትን ተጋግዘው መሸከማቸውና በመሃላቸው አየር መዘዋወሩ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አንዱ ሲጫን ጎረቤቱንም ይዞት ይወርዳል፤ ስለዚህ ሰውነታችንን ቦታ በቦታ ተከትሎ አይቀበለንም። እያንዳንዱ ሞላ ለብቻው በጨርቅ ከረጢት የተሰፋበት ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ ይህን ችግር ይቀንሳል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን መደብ ላይ ጀንዲ ወይም አጎዛ አንጥፈው፣ ወይም በጠፍር አልጋ ላይ ተኝተው ኖረዋል። የጠፍር አልጋ ሲረግብ ጠፍሩን ፈትቶ እንደገና መወጠር ይቻላል። የረገበ ሞላ ግን አይወጠርም። ስፕሪንግ ፍራሽ ጊዜው ሲያልፍ አለፈ ማለት ነው።

2. ለወገብ ህመም ጠንካራ ይሻላል የሚባለው እውነት ነው?

ይህ ምክር በእኛ አገር ብቻ ሳይሆን በውጭም ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲሰጡት የኖረ ነው። በስፔን የተሠራና በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የህክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ነገሩን ፈተነው። ረዘም ላለ ጊዜ ወገባቸውን የሚያማቸውን 313 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን በጠንካራ ፍራሽ፣ ግማሾቹን በመካከለኛ ፍራሽ ላይ አስተኟቸው። ከ90 ቀን በኋላ የተሻላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ነበሩ። አልጋ ላይ ሆነውም ሆነ በቀን ሥራቸው ላይ ህመሙ ቀለል አላቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጀርባችን ቀጥ ያለ ጣውላ አይደለም፤ ወገባችን ጋ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ትከሻና ዳሌያችን ይወጣል። በጣም ጠንካራ ነገር ላይ ስንተኛ ትከሻና ዳሌ ይጨቆናሉ፣ ወገብ ደግሞ ድጋፍ አጥቶ አየር ላይ ይቀራል። በጣም ለስላሳና የጎደጎደ ነገር ላይ ስንተኛ ደግሞ ዳሌያችን ይሰምጥና ጀርባችን ይጎብጣል። የምንፈልገው መሃሉን ነው። ስለዚህ ለወገባችሁ ብላችሁ ሲሚንቶ ላይ አትተኙ።

3. አተኛኘታችሁ እንዴት ነው?

• በጀርባ ለሚተኛ፦ ያልጎደጎደ ስፕሪንግ ፍራሽ ይስማማዋል። ወገቡ ይበልጥ እንዲያርፍ ጋቢ ጠቅልሎ ከጉልበቱ ሥር ያድርግ። ትራሱ ስስ ይሁን፤ ሁለትና ሦስት ትራስ መደራረብ አንገትን ወደ ፊት ይገፋል። በጣም የሚያንኮራፋና እንቅልፉ ውስጥ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ግን በጀርባው ባይተኛ ይሻላል፤ ምርመራም ያስፈልገዋል።

• በጎን ለሚተኛ፦ ተራው ስፕሪንግ ፍራሽ በብዛት የሚያስቸግረው ይህን ሰው ነው። ክብደቱ ሁሉ ያረፈው በአንድ ትከሻና በአንድ ዳሌ ላይ ስለሆነ የላይኛው ስፖንጅ ስስ ከሆነ ሞላው ይጎረብጠዋል፣ ክንዱም ይደነዝዛል። አዲስ ፍራሽ ከመግዛቱ በፊት ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስፖንጅ አንጥፎ ይሞክረው። በጉልበቶቹ መሃል ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ያድርግ። የራሱ ትራስ ደግሞ በጆሮና በትከሻ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ወፈር ያለ ይሁን። ቃር የሚያስቸግረው ሰው በግራ ጎኑ ቢተኛ ይቀለዋል።

• በሆዱ ተደፍቶ ለሚተኛ፦ ለወገብም ለአንገትም የሚከብደው አተኛኘት ይህ ነው። ያረጀ ስፕሪንግ ላይ ሲሆን ሆድ ይሰምጥና ወገብ ወደ ኋላ ይቆለመማል። መተው ካልተቻለ ጠንከር ያለ ፍራሽ፣ ከሆድ ሥር ስስ ትራስ፣ ከራስ ሥር ደግሞ በጣም ስስ ወይም ምንም።

4. ማን ነው የሚተኛበት?

ክብደት፦ ቀጭን ሰው ሞላውን በደንብ ስለማይጫነው ያው ፍራሽ «ድንጋይ» ይሆንበታል። ከበድ ያለ ሰው ደግሞ ያንኑ ፍራሽ ቶሎ ያጎደጉደዋል። ስለዚህ «ለእኔ ተስማምቶኛል» የሚለው የጓደኛ ምክር ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

ባልና ሚስት፦ ሞላዎቹ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃል። አንዱ የሌሊት ተረኛ ከሆነ ወይም እንቅልፉ ቀላል ከሆነ ይህን አስቡበት።

ነፍሰ ጡር፦ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጎን መተኛት ይመከራል፤ በጀርባ መተኛት ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም ሊቀንስ ይችላል። ሌሊት ነቅታችሁ በጀርባችሁ ብትገኙ አትደንግጡ፤ ወደ ጎን ዞራችሁ ተኙ። ስፕሪንጉ ከጎረበጠ ከላይ የተባለውን ስፖንጅ ተጠቀሙ።

ጨቅላ ሕፃን፦ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሕፃን መተኛት ያለበት በጀርባው፣ ጠፍጣፋና ጠንከር ባለ ነገር ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ድርብርብ ልብስ ነው። መሃሉ የጎደጎደ ስፕሪንግ ፍራሽ ላይ በወላጆቹ መሃል የተኛ ሕፃን ወደ ጉድጓዱ ሊንከባለልና ሊታፈን ይችላል። ብርዱ እንደሚያሳስባችሁ አውቃለሁ፤ ሙቅ ልብስ አልብሱት እንጂ ብርድ ልብስ አትከምሩበት። ጡት ካጠባችሁት በኋላ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ አጠገባችሁ፣ በራሱ መኝታ አስተኙት።

አረጋውያን፦ የፍራሹ ጠርዝ ሲረግብ ቁጭ ሲሉ ያንሸራትታል። መውደቅ ደግሞ ለእነሱ የዳሌ አጥንት ስብራት ሊሆን ይችላል። የአልጋው ከፍታ ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ሙሉ በሙሉ መሬት የሚረግጥበት ይሁን። ከአልጋ የማይነሳ ታማሚ ካለባችሁ ደግሞ የትኛውም ተራ ፍራሽ ከቁስል አያድነውም፤ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት።

5. ያላችሁን ፍራሽ እንዲህ ፈትሹ

• አንሶላውን ገፍፋችሁ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ክር ወጥሩ። ማንም ሳይተኛበት መሃሉ ከክሩ 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ ረግቧል።
• በጀርባችሁ ተኝታችሁ መዳፋችሁን ወገባችሁ ሥር አስገቡ። እንደ ልብ የሚያልፍ ከሆነ ጠንክሮባችኋል፤ ጨርሶ አልገባ ካለ ሰምጣችኋል፤ ጠበብ ብሎ ካለፈ ደህና ነው።
• ስትገላበጡ ሲጢጥ የሚል ወይም ሽቦው የሚወጋ ከሆነ ዕድሜው አልቋል።
• ፍራሹን ከመውቀሳችሁ በፊት ርብራቡን እዩ። ብዙ ጊዜ የጎደጎደው ፍራሹ ሳይሆን የተሰበረ ወይም የተራራቀ የአልጋ ጣውላ ነው። ይህን አናጺ በአንድ ቀን ያስተካክለዋል። ሞላው ራሱ ከረገበ ግን ከሥር ጣውላ መጨመር አያድነውም።

አዲስ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ በእጅ ተጭኖ መመለስ አይበቃም። ጫማ አውልቃችሁ፣ በምትተኙበት አኳኋን 10 ደቂቃ ያህል ጋደም በሉ። አትፈሩ፤ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ በየሦስትና አራት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩት።

6. ብርድ፣ እርጥበትና ትኋን

ደብረ ማርቆስ ከባህር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሞላዎቹ መሃል አየር ስለሚዘዋወር ስፕሪንግ ፍራሽ ለቆላ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን ሌሊት ከሥር ይቀዘቅዛል። ከላይ ብርድ ልብስ ከመደራረብ ይልቅ አንዱን ከአንሶላው ሥር አንጥፉት፤ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ላስቲኩን አውልቁት! «እንዳይቆሽሽ» ተብሎ ከነላስቲኩ የሚተኛበት ፍራሽ ላብ ያፍናል፣ ይሻግታል። ተከራይታችሁ የምትኖሩ ተማሪዎች ደግሞ በክረምት ፍራሹን በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አታንጥፉ፤ ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፣ ሞላውም ይዝጋል። ቢያንስ ርብራብ ጣሉበት፣ ጠዋት ጠዋትም አቁሙት። ሻጋታና አቧራ አስም ላለበት ሰው ጠላት ናቸው።

ያገለገለ ስፕሪንግ ፍራሽ ስትገዙ ስፌቱንና ማዕዘኑን በባትሪ ፈትሹ። ጨርቁ ከተቀደደ ውስጡ ለትኋን የተመቸ ቤት ነው። ትኋን ብታገኙም የሰብል ፀረ ተባይ ፍራሽ ላይ ረጭታችሁ እንዳትተኙ፤ መርዙ በቆዳና በትንፋሽ ይገባል፣ ሰው ሊገድል ይችላል።

7. ጥፋቱ የፍራሽ ያልሆነ ህመም

የፍራሽ ህመም ጠባይ አለው፦ ጠዋት ስትነሱ ይብሳል፣ ተንቀሳቅሳችሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል፣ ሌላ ቤት ስታድሩ ይሻላችኋል። የእናንተ እንዲህ ከሆነ ከላይ ያለውን ሞክሩ።

የሚከተሉት ካሉ ግን ፍራሽ ለመቀየር አትቸኩሉ፤ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

• ለሳምንታት የቆየ የጀርባ ህመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አጥንት ውስጥ ሲገባ ደግሞ በብዛት የሚያጠቃው አከርካሪን ነው። ሳል ላይኖር ይችላል። በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል፤ ከዘገየ ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርንም ሊያሽመደምድ ይችላል።
• ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከከብት ጋር የሚውል ሰው ላይ የሚመላለስ ትኩሳትና የወገብ ህመም። ብሩሴሎሲስ የተባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ መታሰብ አለበት።
• ዕድሜው ከ45 በታች የሆነ፣ ከሦስት ወር በላይ ወገቡን የሚያመው፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚገትረው፣ ሲያርፍ የሚብስበት ሲንቀሳቀስ የሚሻለው። ይህ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል።
• በዕድሜ የገፋ ሰው ወድቆ ወይም ቀላል ዕቃ አንስቶ በድንገት የጀመረው ከባድ ህመም። የሳሳ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።
• እግር መስነፍ፣ ብልትና ፊንጢጣ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ማምለጥ። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል!

ለማጠቃለል፦ ያልጎደጎደ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ስፕሪንግ ፍራሽ በጀርባው ለሚተኛ ሰው ጥሩ ነው። በጎኑ ለሚተኛ ስፖንጅ ይጨመርበት። ለሕፃን የጎደጎደ ፍራሽ አደጋ ነው። ርብራቡን ሳታዩ ፍራሽ አትግዙ። ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣን ህመም ደግሞ በፍራሽ አታሳብቡ።

እናትና አባታችሁ ጋ ስትሄዱ ፍራሻቸውን በክር ለኩላቸው። ጽሑፉን ወገቤን ለሚል ወዳጃችሁ አጋሩት፤ ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ።

ጤናና ጥሩ እንቅልፍ ይስጣችሁ!