የምግብ ሥዕል በገዥው ማስተዋልና ትዝታ ላይ ያለው ኃይል

የንግድ ሥራ መሠረቱ የዕቃው ጥራትና የዋጋው ተመጣጣኝነት ብቻ አይደለም፤ ገዥው ዕቃውን አይቶ እንዲያስተውለው፣ አስተውሎም ለሚቀጥለው ገበያ እንዲያስታውሰው ማድረግ ከዚያው ጋር የሚቈጠር ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው መንገድ ዳር ብዙ ምግብ ቤቶች በየደጃቸው የምግብ ሥዕል ይሰቅላሉ፤ የበርበሬው ከረጢትና የዘይቱ ጀሪካንም ያለ ሥዕል አይገኝም። ይልቁንም በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በቡሬ ከተመረቀ ወዲህ፣ አውራጃችን እህል የሚሸጥበት ብቻ ሳይሆን የታሸገ ምግብ የሚወጣበትም ለመሆን መንገዱን ጀምሯል። ስለዚህ የምግብ ሥዕል በሰው አእምሮ ላይ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ለነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማስተዋል እንናገር። የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ያያል፤ አእምሮው ግን ሁሉንም በአንድነት ሊመረምር አይችልም፤ ስለዚህ ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ይመርጣል። ምግብም ለሕይወት አስፈላጊ ስለ ሆነ፣ ሥዕሉ፣ ይልቁንም የሥጋ፣ የቅቤና የጣፋጭ ሥዕል፣ ዓይንን ቶሎ ይስባል። ረኀብ ሲጨመርበት ደግሞ ኃይሉ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባሉት ሊቅ በ36 ፈቃደኞች ላይ ባደረጉት የረኀብ ጥናት፣ ምግብ የተቀነሰባቸው ሰዎች ሐሳባቸው ሁሉ በምግብ ከመያዙ የተነሣ፣ አንዳንዶቹ የወጥ አሠራር መጻሕፍት እስከ መሰብሰብ ደርሰው ነበር።

ሁለተኛው ነገር ማስታወስ ነው። ሥዕል ከቃል ይልቅ በአእምሮ እንደሚጸና ብዙ ጊዜ ተመርምሮ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ስታንዲንግ የተባሉት የካናዳ መምህር 10,000 ያህል ሥዕሎችን ለሰዎች አሳይተው፣ አብዛኞቹን ለይተው እንደሚያውቁ አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ሞሪስና ዶላን የተባሉ የለንደን ተመራማሪዎች፣ የተራበ ሰው የምግብን ሥዕል ከሌላው ሥዕል አብልጦ እንደሚያስታውስ፣ በዚያም ጊዜ በአንጎሉ ውስጥ የስሜትና የዋጋ መመዘኛ የሆኑት ክፍሎች እንደሚሠሩ አሳይተዋል። እንግዲህ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥቶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ገበያ የሚደርስ ገበሬ የምግብ ሥዕል ቢያይ እንዴት እንደሚጸናበት መገመት አያስቸግርም።

ነገር ግን ይህ ኃይል ጉዳትም አለው። ሥዕሉ ማስተዋልን ሁሉ ወደ ራሱ ሲስብ፣ ከአጠገቡ የተጻፈው ስም፣ ክብደትና የማለፊያ ቀን ሳይታዩ ይቀራሉ። በጸሐፊነት በምሠራበት የንግድ ቤት የደረሰውን ለአብነት ልጥቀስ። አሠሪዬ የተፈጨ በርበሬ አሽገው መሸጥ በጀመሩ ጊዜ፣ የዶሮ ወጥ በሰፊ ሳሕን ቀርቦ የሚያሳይ ሥዕል በከረጢቱ ላይ አሳተሙ፤ የቤቱ ስም ግን ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጻፈ። በመጀመሪያ ገዥው በረከተ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሌላ ሰው ያንኑ የመሰለ ሥዕል አሳትሞ አወጣ። የገጠር ደንበኞቻችንም «ያንን ዶሮ ያለበትን ስጡን» እያሉ ከዚያኛው ገዙ፤ ጨው የበዛበት ሆኖ ባገኙት ጊዜ ግን ወቀሳውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ዶሮውን እንጂ ስማችንን አያውቁትም ነበር። የሽያጩን መውረድ በመዝገብ የጻፍሁት እኔ ራሴ ስለ ሆንሁ፣ ትምህርቱ ከልቤ አልጠፋም። አሠሪዬም ጥፋቱ የራሳችን መሆኑን አምነው፣ ስሙን በትልቅ ፊደል ከሳሕኑ በላይ አስጻፉት።

ከዚህ የሚከተሉትን ምክሮች እናገኛለን።

አንደኛ፣ የቤቱ ስምና ምልክት ከሥዕሉ ጋር ተጣምሮ፣ በጉልህ ፊደል ይጻፍ፤ ገዥው ሥዕሉን ሲያስታውስ ስሙንም አብሮ እንዲያስታውስ።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉ ለጊዜው የሚስማማ ይሁን። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ። በጾም ወራት የጥሬ ሥጋ ሥዕል የጿሚውን ዓይን ይስባል እንጂ አያሸምተውም፤ ምናልባትም ያስቀይመዋል። በዚያ ጊዜ የሽሮና የምስር ወጥ ሥዕል ቢሰቀል ይሻላል፤ በርበሬው ለዚያም ይገባልና።

ሦስተኛ፣ ሥዕሉ ከዕቃው አይብለጥ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የዓለም የጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ባጸደቀው የእናት ጡት ወተት ምትክ ሽያጭ ደንብ፣ በሕፃናት ዱቄት ወተት ዕቃ ላይ የሕፃን ሥዕል እንዳይደረግ ደንግጓል፤ ምክንያቱም እናቲቱ የወፈረውን ሕፃን ሥዕል አይታ የራሷን ወተት እንዳትንቅ ነው። ይህም ሥዕል ምን ያህል ልብን እንደሚያስት ያስረዳል።

አራተኛ፣ ማንበብ ለማይችል ደንበኛ ሻጩ ክብደቱንና የማለፊያውን ቀን በቃሉ ይንገረው።

«ዓይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል» እንደ ተባለው፣ ሥዕል ዓይንን ወደ ሱቁ ያመጣል፤ ገዥውን ዳግመኛ የሚመልሰው ግን ከቤቱ ገብቶ የቀመሰው በርበሬ ነው። ስለዚህ ሥዕል ከማሠራታችን በፊት በከረጢቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ለሥዕሉ የሚገባ መሆኑን እንመርምር።