የቼዝ ሰሌዳው ቁጥር፦ ባለፈው እትም የተሳሳትነው

ባለፈው እትም አንድ ጥያቄ አቅርበን ነበር። በቼዝ ሰሌዳ የመጀመሪያ ቤት ላይ አንድ የስንዴ ፍሬ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እያደረግን እስከ 64ኛው ቤት በእጥፍ ብንቀጥል ድምሩ ስንት ይሆናል? መልስ ብለን ያተምነው 18,446,744,073,709,600,000 ስህተት ነው። ኮምፒውተር ላይ ደምረን የወጣውን እንዳለ ገለበጥነው። የተጠቀምንበት ፕሮግራም ደግሞ የሚያሳየው 15 አሃዝ ብቻ ነው፤ የተረፈውን አጠጋግቶ በዜሮ ይሞላዋል።

ስህተቱን ያገኘችው አንዲት እህታችን ናት፤ ያውም ያለ ካልኩሌተር። «የመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ ይዟል፤ የተቀሩት 63 ቤቶች በሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ናቸው። ታዲያ ድምሩ እንዴት በዜሮ ያልቃል?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

ትክክለኛው ቁጥር 18,446,744,073,709,551,615 ነው። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ (ረሒመሁላህ) ይህንኑ ቁጥር በ1000 እ.ኤ.አ. ገደማ በጻፉት «አል-አሣር አል-ባቂያ» ውስጥ እስከ መጨረሻው አሃዝ አስቀምጠውታል። 64 ጊዜ መደመር አላስፈለጋቸውም። የአንድን ቤት ቁጥር በራሱ ስናባዛ፣ ያ ቤት ከመጀመሪያው የራቀውን ያህል ወደፊት ርቆ ያለውን ቤት ቁጥር እናገኛለን። ለምሳሌ በ3ኛው ቤት ያለው 4 በራሱ ሲባዛ የ5ኛውን ቤት 16 ይሰጠናል። ስለዚህ ከ2 ተነስተን 4፣ 16፣ 256፣ 65,536፣ 4,294,967,296 እያልን በስድስት ማባዛት ብቻ ሰሌዳው ላይ የሌለው 65ኛ ቤት ላይ እንደርሳለን። ከዚያ አንድ መቀነስ ነው፤ ምክንያቱም የቤቶቹ ድምር ሁልጊዜ ከቀጣዩ ቤት በአንድ ያንሳል (1+2+4=7፣ ቀጣዩ 8)።

ኢብኑ ኸሊካንም ስለ ቼዝ ተጫዋቹ አቡ በክር አስ-ሱሊ ሲጽፉ ይህን ታሪክ አንስተዋል። መጀመሪያ ላይ ድምሩ ይህን ያህል መብዛቱን ተጠራጥረው ነበር፤ ያመኑት አንድ የእስክንድርያ ሒሳብ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ካሰላላቸው በኋላ ነው። እኛ ግን ሳንጠራጠር አተምን!

ቁጥሩ ሲበተንም ደስ ይላል። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት፣ ውጤቱ በአንድ የሚያንሰውና በአንድ የሚበልጠው ሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው (4×4−1=3×5)። ይህን ደጋግመን ስንሠራ፦

3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 × 4,294,967,297

የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ፈረንሳዊው ፌርማ ስድስተኛውንም ብቸኛ ነው ብሎ ገምቶ ነበር፤ በ1732 እ.ኤ.አ. ኦይለር ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። ሌላኛው አካፋይ 6,700,417 ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አባዙትና አረጋግጡ፤ ያተምነውን የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ለ3 አካፍሉት። አሃዞቹ ሲደመሩ 70 ስለሚሆኑ አይካፈልም፤ የትክክለኛው ግን 87 ነው።