ውኃ ሲገኝ ተየሙም የለም

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ትምህርታችን ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ስልክ፣ እርሱም በዝምድናችን፣ በጉርብትናችንና በዕለት ኑሯችን ላይ ስላመጣው ለውጥ ነው። ጉዳዩ የዘመናዊነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ አላህ ዘንድ የምንጠየቅባቸው የሰው ሐቆች አሉበት።

በየካ ክፍለ ከተማ መገናኛ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ እንደሚነግረን የኮተቤው፣ የላምበረቱና የሾላው መንገደኛ እዚያ ይገናኛል። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡርም በዚያው ያልፋል። ማታ የታክሲውን ሰልፍ ያየ ሰው ግን ብዙው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ሲነካካ ያገኛል። ፊትና ኋላ የቆሙት ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ይለያያሉ። ይህን አይቶ «ቴክኖሎጂ አጠፋን» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ያ አንገቱን የደፋው ሰው ጅዳ ወይም ቤይሩት ካለች እህቱ ጋር እየተጻጻፈ ቢሆንስ? ስለዚህ ከመፍረድ በፊት ማመዛዘን ያስፈልጋል። ለማመዛዘኑ ደግሞ አንዱ ዓመት፣ 2012 ዓ.ም.፣ በቂ ትምህርት ትቶልን አልፏል።

አንድ ዓመት፣ ሦስት ትምህርት

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ጠፈር መጠቀች። መረጃዋን ይቀበል የነበረው ጣቢያ የተተከለው እዚሁ ከራሳችን በላይ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው። በዚያው ተራራ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከዋክብትን የሚመለከቱ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ሩቁን ማየት መቻል የአላህ ጸጋ ነው፤ ሊመሰገንበትም ይገባል።

ሦስት ወር ሳይሞላ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። በሚያዝያ የገባው ረመዳን መስጂዶች ለጀመዓ ሳይከፈቱ አለፈ፤ ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ። ኮተቤ የሚገኘው የካ ኮተቤ ሆስፒታል የወረርሽኙ ሕሙማን መታከሚያ ሆነ። ሕመምተኛው ተለይቶ ሲተኛ የቤተሰቡ መጠየቂያ ስልክ ብቻ ነበር። እናት የልጇን ፊት ያየችው በዚያች ትንሽ መስታወት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም እንዳይወጣ አስተምረዋልና ያን ጊዜ ከደጅ መቅረቱ መታዘዝ ነበር፤ ስልኩም ትልቅ እዝነት ነበር።

ሦስተኛው ትምህርት ሰኔ ላይ መጣ። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። በዐረብ አገር ልጅ ያላት እናት ድምፅም ምስልም አጣች። ቴክኖሎጂን በደፈናው የሚያወግዝ ሰው የእነዚያን እናቶች ጭንቀት ያስታውስ። በሌላ በኩል በዚሁ ከተማ ያለ ዘመዱን በቴሌግራም መልእክት ብቻ ያውቅ የነበረ ሰው አንድ ነገር ተገለጠለት። መስመሩ ሲቋረጥ ዝምድናውም አብሮ ተቋረጠ። ከኮተቤ ቀበና ስንት ሰዓት ይወስዳል? እዚያ ያለች አክስቱን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ነበርን?

የስልክ ቦታው የት ነው?

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀው የፊቅህ ትምህርት ነገሩን ያብራራልናል። ውኃ ያጣ ወይም ውኃ የሚጎዳው ሰው በአፈር ተየሙም ያደርጋል። ሶላቱም ትክክል ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ውኃው ሲገኝና መጠቀም ሲቻል ተየሙሙ ያበቃል። ውኃ ከፊቱ እያለ በአፈር የሚያብስ ሰው ከልማድ በቀር ማስረጃ የለውም።

ይህ ፈትዋ ሳይሆን ምሳሌ ነው። በምሳሌው መሠረት ስልክ የዚያራ ተየሙም ነው። ባሕር ለለየው፣ በሽታ ለከለከለው፣ አቅም ላጣ ሰው ከሙሉ ነገር ይቆጠርለታል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሆኖ ለታመመ ጎረቤቱ «አላህ ያሽርህ» ብሎ ጽፎ ለሚተኛ ሰው ግን ውኃው ከፊቱ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለውን አምስት ሐቅ ቆጥረዋል። እነርሱም ሰላምታን መመለስ፣ የታመመን መጠየቅ፣ ጀናዛን መሸኘት፣ የጠራን አክብሮ መሄድና አስነጥሶ አላህን ላመሰገነ ዱዓ ማድረግ ናቸው። እስኪ በስልክ እንመዝናቸው።

ሰላምታ በጽሑፍ ይደርሳል። ኢማም ነወዊ በደብዳቤ የመጣ ሰላምታም ምላሽ ግዴታው መሆኑን አስተምረዋል። ዛሬ መልእክቱን ከፍተን ማየታችን ለላኪው እየታወቀው ሳንመልስ የምናልፈው ሰላምታ ስንት ይሆን? ሕመምተኛን መጠየቅ በከፊል በስልክ ይሆናል፤ ትራሱን የሚያስተካክልለት፣ መድኃኒቱን ገዝቶ የሚያመጣለት እጅ ግን በስልክ አይላክም። ጀናዛን መሸኘት ጨርሶ በስልክ አይሆንም። ሰግዶ እስኪቀበር ለሸኘ የተነገረው ሁለት ቂራጥ ምንዳ በእግሩ ለሄደ ነው፤ የሐዘን ጽሑፍ ገልብጦ በቡድን ለለጠፈ አልተባለም። ጥሪን ማክበርም እንዲሁ ነው፤ ሄደን ማዕዱን ካልተካፈልን አክብረነዋል አይባልም። አጠገባችን ያስነጠሰውን ሰው ደግሞ ጆሯችን በማዳመጫ ከተደፈነ አንሰማውም።

ቤታችንም ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ባሕርይ የጻፉ ዑለማዎች፣ ወደ ሰው ሲዞሩ በመላ አካላቸው ይዞሩ እንደነበር ዘግበዋል። አባት ለኢፍጣር ተቀምጦ ልጁ ስትናገረው በዓይኑ ስልኩን፣ በአንድ ጆሮው ልጁን ቢሰማ፣ ግማሽ አባት ነው ያገኘችው።

ሌላው መዘዝ ወሬ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ያልተጣራ ወሬ ይዘን ሰው እንዳንጎዳ፣ እንዳንሰልል፣ እንዳንተማማ ያስጠነቅቃል። ድሮ በአንድ ቡና ላይ የሚቀር ሐሜት ዛሬ በአንድ ጣት ንክኪ ሺህ ቤት ይገባል። በዚያው በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል። ሙእሚን ግን አዋጅ ሳይጠብቅ ጣቱንም እንደ ምላሱ ይጠብቃል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስልካችንን ለሩቅ ዘመድ እናብዛው። የተረሳ አጎት ካለ ዛሬውኑ እንደውልለት። ሁለተኛ፣ በእግር ወይም በታክሲ የሚደረስበትን ሰው ቢያንስ በሕመም፣ በሐዘንና በዒድ በአካል እንጠይቀው። ሦስተኛ፣ በማዕድና በመስጂድ ስልኩን ዘግተን እናስቀምጠው። አራተኛ፣ ያላጣራነውን አናስተላልፍ።

በመጨረሻም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዝምድናን ቀጣይ የሚባለው ለተደረገለት ውለታ የሚመልሰው ሳይሆን፣ ሲቆረጥ የሚቀጥለው መሆኑን አስተምረዋል። መስመር ይቆረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ካርድም ያልቃል። በዚያን ጊዜ የወንድማችንን በር የምናውቅ እንሁን። አላህ ዝምድናን ከሚቀጥሉት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።